የኪስ ካሜራን የምስል ጥራት በጎንደር መፈተን

የኪስ ዲጂታል ካሜራ ሌንሱ የማይፈታ፣ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ነው። የምስል ጥራቱን መመዘን ማለት ካሜራው ፊቱ የቆመውን ነገር ምን ያህል ሳያጠፋ፣ ከራሱም ሳይጨምር እንዳስቀረው ማየት ነው። ላቦራቶሪዎች ይህን በቻርት፣ ማለትም መስመርና ቀለም በታተመበት የመፈተኛ ሰሌዳ፣ ይለካሉ። ጎንደር ውስጥ ግን ከቻርት የከበደ ፈተና አለ። ጥር 11 ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ጠይም ሰው። የነጠላው ሽመናም የሰውየው ፊትም በአንድ ፎቶ ላይ ከታዩ ካሜራው ደህና ነው። አንዱ ከጠፋ፣ የሜጋ ፒክስሉ ቁጥር (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን) ምንም ቢገን ለዚህ ከተማ ብዙም አይረባም።

ነጠላና ፊት

ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ያስኬደዋል። በነጭ የተሞላ ነገር ሲገጥመው ግን ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ያጨልመዋል። አንድ ዓመት በተዋስኩት የኪስ ካሜራ አክስቴን ከነጓደኞቿ አነሳኋት። ፎቶውን አሳጥቤ ስሰጣት ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ነጠላዬን አመድ አስመሰልከው፣ እኔንም አከሰልከኝ» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ግምገማ እስካሁን አላነበብኩም።

አሁን አሁን ያሉት ካሜራዎች ፊትን ለይተው ብርሃኑን በፊት ላይ ይለካሉ። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ፊቱ ሲፈካ ነጠላው ይቃጠላል። ጥለቱ ብቻ ቀርቶ ጨርቁ ባዶ ወረቀት ይመስላል። የጨለመ ነገር በኋላ በኮምፒውተር ሊነሳ ይችላል። የተቃጠለ ነጭ ግን ቢለፉበትም አይመለስም፤ እዚያ ቦታ ላይ የተመዘገበ ነገር የለማ!

ከጥቁሩ እስከ ነጩ ያለውን አንድ ላይ የመያዝ ችሎታ ዳይናሚክ ሬንጅ ይባላል። የሚለካው በስቶፕ ነው። አንድ ስቶፕ ሲጨመር ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። በቤት ለመፈተን ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሰው ነጠላ አልብሶ ግማሽ ፀሐይ ግማሽ ጥላ ላይ ማቆም ነው። ጥምቀተ ባሕሩን የከበቡት ትልልቅ ዛፎች ሥር ይህ ብርሃን እንደ ልብ ይገኛል። ነጠላው መቃጠሉን እስኪያቆም ድረስ በመደመርና በመቀነስ ቁልፉ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ማንሳት። ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ጎበዝ ካሜራ ነው። ወይን ጠጅና አረንጓዴ ነጠብጣብ ከወረረው የካሜራው አቅም እዚያው አልቋል።

ይህ ሙከራ የሚሠራው ካሜራው በሮው ፎርማት የሚያስቀምጥ ከሆነ ነው። ሮው ማለት ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ የመዘገበው ጥሬ መረጃ ነው። ጄፔግ ግን ካሜራው ራሱ ጠርዙን ስሎ፣ ቀለሙን ቀብቶ፣ የማይፈለግ የመሰለውን ጥሎ የጨመቀው ነው። ሁለቱን ለይቶ መመዘን ተገቢ ነው። አንዳንዱ ካሜራ ሮው ላይ አንበሳ ሆኖ ጄፔግ ላይ ያሳፍራል።

ሴንሰሩ

የልዩነቱ ትልቁ ምክንያት የሴንሰር ስፋት ነው። ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ላይ የኖረው 1/2.3 ኢንች የሚባለው ሴንሰር 6.17 በ4.55 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳል። ባለ 1 ኢንች የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስፋቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ስሙ ግን አያታልላችሁ። የትኛውም ጎኑ 1 ኢንች አይሞላም። አጠራሩ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የተወረሰ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 አርኤክስ 100 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ብዙ ሰው ያስደነቀው ይህን ሴንሰር ኪስ ውስጥ መክተቱ ነበር። ሪኮ በ2013 ጂአር በተባለው ካሜራው ከዚያም የሚበልጥ፣ በትልልቅ ካሜራዎች ላይ የሚገኘውን ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ይዞ መጣ። ዙም ግን የለውም።

ሜጋ ፒክስልን በተመለከተ የካኖንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓወርሾት ጂ10 ባለ 14.7 ሜጋ ፒክስል ነበር። በዓመቱ የተተካው ጂ11 ወደ 10 ወረደ። ሴንሰሩ በስፋት አልተቀየረም። ኩባንያው ቁጥሩን የቀነሰው በጨለማ የተሻለ ፎቶ ለማግኘት ነው። ሻጭ «ይሄኛው 20 ነው፣ ያኛው 12 ብቻ» ሲል ይህችን ጣል ማድረግ ይቻላል።

ስንት ሜጋ ፒክስል ይበቃል ለሚለው፣ ፎቶ ቤት የሚታጠበው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በጥሩ ጥራት 2 ሜጋ ፒክስል ገደማ ብቻ ይፈልጋል። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 30 በ45 ወደ 19 ይጠጋል። ጉርድ ፎቶማ ምንም አይፈልግም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር

ቀኑ በነጠላ ከተፈተነ፣ ጨለማው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ይፈተናል። አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረተው ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ተርፏል። ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይባላል። ጣሪያው ላይ ረድፍ በረድፍ የተሣሉት ክንፍ ያላቸው ፊቶች ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ የቅንድባቸው መስመር ደግሞ ቀጭን። ውስጡ ደብዛዛ ነው። ፍላሽ አይፈቀድም። ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው። ያለ ሰበብ ካሜራ የሚመዘንበት ቦታ ይሄ ነው።

ብርሃን ሲያንስ ካሜራው የአይኤስኦ ቁጥሩን ይጨምራል። ይህ ብርሃን አይጨምርም፤ የተገኘውን ትንሽ ምልክት ማጉላት ነው። ምልክቱ ሲጎላ አብሮት ያለው ኖይዝ፣ ማለትም እንደ ጤፍ የተበተነው ነጠብጣብ፣ ይጎላል። ካሜራው ነጠብጣቡን ለማጥፋት ምስሉን ያለሰልሳል። የቅንድቧ ቀጭን መስመር እዚህ ላይ ትጠፋለች። ነጠብጣቡ ለቅቆ ፊቱ ውኃ የነካው ሥዕል ይመስላል። በእኔ ግምት ከነጠብጣቡ ይልቅ ማለስለሱ ይከፋል። ነጠብጣብ ከራቅ ብሎ ሲያዩት ይጠፋል፣ የተላጠ መስመር ግን አይመለስም። የምርመራው መንገድ ቀላል ነው። አንዱን ፊት በአይኤስኦ 100፣ 400፣ 1600፣ 3200 እያደረጉ ማንሳት፣ ከዚያ ሙሉ መጠኑ ላይ አጉልቶ ቅንድቡ ከየትኛው ቁጥር በኋላ እንደተቋረጠ ማየት።

የሌንሱ ብርሃን አገባብም እዚህ ይለያል። የሚጻፈው በኤፍ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ኤፍ 3.3 ከሚከፈተው ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ዙም ሲደረግ ግን ብዙዎቹ ይጠባሉ። ከላይ ያነሳሁት አርኤክስ 100 ሰፊው ላይ 1.8 ሆኖ ዙሙ ጫፍ ሲደርስ 4.9 ነው፤ ብርሃኑ በሰባት እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ጣሪያውን በዙም ከመጎተት በሰፊው አንስቶ መቁረጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይወጣል። እጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ካሜራ ከሆነ ደግሞ መዝጊያውን እስከ አንድ ስምንተኛ ሰከንድ ድረስ ክፍት ማቆየት ይቻላል። የተሣሉት መላእክት አይንቀሳቀሱም። ቄሱ ግን ይንቀሳቀሳሉ፤ የእጅ ማረሚያው እርሳቸውን አይረዳም።

ድንጋዩ፣ ጋዜጣውና ሰማዩ

ስለ ሌንስ ጥራት ሲወራ ሁሉም ወደ ፋሲል ግቢ ይሮጣል። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከመሠረቱ ወዲህ የተሠሩት ግንቦች በኖራ የተያያዘ ሸካራ ድንጋይ ናቸው። ለዝርዝር መፈተኛ ጥሩ ናቸው። ካሜራው የድንጋዩን ቆዳና የኖራውን ስንጥቅ ካላሳየ ይታወቅበታል። ሌንሱ መስመር ያጎብጥ እንደሆነ ለማወቅ ግን አይሆኑም፤ ድንጋዩ ራሱ ቀጥ አይልም። ለዚያ ፒያሳ ወርዶ ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ ፊት ለፊት መቆም ይሻላል። የጣሪያው ጠርዝ ፎቶው ላይ እንደ በርሜል ወገብ ካበጠ ሌንሱ ያጎብጣል ማለት ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች ይህን በሶፍትዌር አርመው ነው የሚያሳዩት። እርማቱ የሚወሰደው ከማዕዘኖቹ ጥራት ነው።

ማዕዘን ለመፈተን ደግሞ የአማርኛ ጋዜጣ የሚያክል ቻርት የለም። አምስት ገጽ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ አራቱን በማዕዘን አንዱን መሃል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጎ በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ማንሳት። ከዚያ በየማዕዘኑ «ቡ»ን ከ«ቢ» መለየት ይቻል እንደሆነ ማየት። ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት፤ አንዷ ከወገብ አንዷ ከእግር። ሦስቱ ማዕዘን ተነብቦ አንዱ ከደበዘዘ ካሜራው ግድግዳውን ፊት ለፊት እንደገጠመ አረጋግጡ። ከገጠመ ሌንሱ ተንጋድዶ የተገጠመ ወይም የወደቀ ነው።

የቀለም ጠርዝም አለ። የግንቡን አናት ከነጭ ሰማይ ጋር ሲያነሱ ዳሩ ላይ ወይን ጠጅ ክር ይወጣል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ሰማይዋም ብሩህ ነው፣ ስለዚህ ይህ ጉድለት እዚህ አይደበቅም።

ሌላ የተለመደ ስሕተት ብርሃን በበዛ ቁጥር ሌንሱን እስከ ጫፍ ማጥበብ ነው። ትልቅ ካሜራ ላይ ኤፍ 8 ጥሩ ነው። ትንሽ ሴንሰር ላይ ግን ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል። እንደነዚህ ዓይነት ካሜራዎች ኤፍ 4 አካባቢ ነው ደህና የሚያዩት።

ቀለም

በዓለም ላይ የተለመደው የቀለም ቻርት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያለው ባለ 24 ካሬው ነው። ከ24ቱ ሁለቱ የሰው ቆዳ ናቸው፦ አንድ ጠቆር ያለ፣ አንድ ፈካ ያለ። የጎንደርን ሕዝብ በአንድ ካሬ መወከል ቀልድ ነው። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር የሚሉ ቃላት ያሉን በከንቱ አይደለም። ሦስት አራት ዓይነት መልክ ያላቸውን ዘመዶች አንድ ጥላ ሥር አቁሞ ማንሳት የተሻለ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ከሆኑ የካሜራው ቀለም አይታመንም።

ቀዩም ያስቸግራል። ታቦቱን አጅበው የሚወጡት በወርቅ ክር የተጠለፉ ከፋይ ጥላዎች ላይ ብዙ የኪስ ካሜራዎች ቀዩን ያንሩታል። ጥልፉ ጠፍቶ ጥላው አንድ ወጥ ቀይ ነገር ይሆናል። ማታ በጧፍ ብርሃን ደግሞ ሁሉ ነገር ቢጫ ይሆናል። እሱን እንኳ ሙሉ በሙሉ ነጭ ባያደርገው እመርጣለሁ፤ ጧፍ ቢጫ ነው።

ከየት ይታያል?

በካሜራው ትንሽ ስክሪን መፍረድ አይቻልም። እዚያ ላይ ሁሉም ያምራል። በቴሌግራም የመጣ ፎቶም አይመዘንም፤ እንደ ፋይል ካልተላከ በቀር ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። «ካሜራህ ደብዛዛ ነው» ከማለት በፊት ፋይሉን መጠየቅ ነው።

ስልክ ካለ ለምን የኪስ ካሜራ የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። ገበያውም ያንን ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ከ100 ሚሊዮን በላይ ሌንሳቸው የማይፈታ ካሜራዎች እንደተላኩ ሲመዘግብ፣ በ2023 ቁጥሩ 2 ሚሊዮን አልሞላም። ስልክ ብዙ ፎቶ አንስቶ በአንድ ላይ ስለሚያዋህድ ነጠላና ፊቱን ከአንዳንድ አሮጌ የኪስ ካሜራ በተሻለ ያስታርቃል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ዙምና እውነተኛ የቆዳ ዝርዝር ላይ ግን ባለ 1 ኢንቹ አሁንም ይቀድማል። ስልክ ብዙ ጊዜ ፊትን ሳይጠየቅ ያለሰልሳል።

ገበያው እንዲህ ስለጠበበ ብዙ ሰው የሚገዛው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ሲገዛ ከነጠላውም ከጋዜጣውም በፊት አንድ ነገር ይደረግ። ሌንሱ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር አየር ይስባል፤ የበጋው አቧራ አብሮ ይገባል። ሌንሱ ስለማይፈታ ሴንሰሩን በቀላሉ መጥረግ አይቻልም። ሻጩ ፊት ካሜራውን ኤፍ 8 ላይ አድርጎ፣ ዙሙን እስከ ጫፍ ጎትቶ፣ ደመና የሌለበትን ሰማይ ማንሳትና አጉልቶ ማየት ነው። ክብ ግራጫ ነጠብጣብ ከታየ፣ ካሜራውን ትንሽ ዞር አድርጎ ድጋሚ ማንሳት። ነጠብጣቡ ፎቶው ላይ እዚያው ቦታ ከተቀመጠ አቧራው ውስጥ ነው፤ ወይ ዋጋው ይቀንስ፣ ወይ ካሜራው ይመለስ።