የባሕር አንበሳ የት ይኖራል? ስለ መኖሪያውና ስለ ጉዞው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በየስልኩ የሚዞሩ አጫጭር ቪዲዮዎች የባሕር አንበሳን ከብዙ ሰው ጋር አስተዋውቀዋል። ጀልባ ማቆሚያ ላይ ተጋድሞ ሲያንቀላፋ ወይም ዓሣ ሻጭ አጠገብ ቆሞ ሲለምን እናየዋለን። እዚህ ባሕር ዳርም ጣና ዳር ሻይ እየጠጣን አንዱ ቪዲዮ በተከፈተ ቁጥር ክርክር ይነሳል። ደብረ ማርቆስና ዳንግላ የሚያስተምሩ የባዮሎጂ መምህራን ጓደኞቼም ተማሪዎቻቸው ተመሳሳይ ነገር እንደሚጠይቋቸው ይነግሩኛል። ይሄ እንስሳ የት ነው የሚኖረው? ይሰደዳል ወይስ አይሰደድም? በሚሰጡት መልሶች ውስጥ ስህተት ይበዛል። አብዛኛው ስህተት ማንንም አይጎዳም። አንዱ ግን እንስሳውን ራሱን የሚጎዳ ስለሆነ እሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

«የበረዶ አገር እንስሳ ነው»

ከሁሉም የተለመደው ይህ ነው። ካርቱን ላይ ከፔንግዊን ጋር በረዶ ላይ ስለሚሳል ይመስለኛል። አንታርክቲካ ላይ ግን የሚራባ አንድም የባሕር አንበሳ ዝርያ የለም። እንዲያውም የጋላፓጎስ የባሕር አንበሳ የሚኖረው ከኢኳዶር በስተምዕራብ፣ የምድር ወገብ በሚያልፍባቸው ደሴቶች ላይ ነው። ፀሐይ ያጋለው አሸዋና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ይተኛል።

መኖሪያውን የሚወስነው የአየሩ ብርድ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ያለው ምግብ ነው። በቺሊና በፔሩ ዳርቻ ሁምቦልት የሚባል ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ፍሰት ወደ ሰሜን ይሄዳል። ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ሲያርቀው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ወጥቶ ይተካዋል። ያ ውሃ ንጥረ ነገር ይዞ ይመጣል። በንጥረ ነገሩ በዓይን የማይታዩ እፅዋት ይበቅላሉ። እነሱን የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ይበዛሉ። ከዚያ አንቾቪና ሰርዲን የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች ይከተላሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ የባሕር አንበሳው አለ። ካሊፎርኒያ ላይም ነገሩ ይኸው ነው። ጋላፓጎስ ዘንድ ደግሞ ከምዕራብ በጥልቁ የሚመጣ ፍሰት ደሴቶቹን ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል።

ብርዱን የለመደም አለ። ስቴለር የሚባለው ዝርያ በአላስካ፣ በቤሪንግ ባሕርና በሩሲያዋ ካምቻትካ ይኖራል። ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው፤ ወንዱ 1,000 ኪሎ ግራም ሊሞላ ይችላል። እሱም ቢሆን ወደ ደቡብ እስከ ካሊፎርኒያ ይገኛል።

«ባሕር ባለበት ሁሉ አለ»

የለም። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች ስድስት ናቸው። ስቴለርና የካሊፎርኒያው በሰሜን ፓሲፊክ፣ የጋላፓጎሱ በደሴቶቹ፣ የደቡብ አሜሪካው ከፔሩ ጀምሮ አህጉሩን በደቡብ ጫፍ ዞሮ እስከ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ደቡብ ብራዚል ይኖራሉ። የአውስትራሊያውና የኒውዚላንዱም በየአገራቸው አሉ። ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ አንድም የለም። ምክንያቱ ከዘር ታሪኩ ጋር ይያያዛል። የዚህ ቤተሰብ መነሻ ሰሜን ፓሲፊክ ነው። ከዚያ ተነስተው የምድር ወገብን አቋርጠው ወደ ደቡብ ተሰራጩ፤ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ግን አልዘለቁም።

«አፍሪካ ውስጥም አለ፤ ናሚቢያ በሺዎች ይታያል»

ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ላይ የሚታዩት ፈር ሲል የሚባሉ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ጆሯቸው ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ በአራቱም እግራቸው ይራመዳሉ። ስለዚህ መምሰሉስ ይመሳሰላሉ። ፈር ሲል ግን ከላይኛው ፀጉሩ ሥር ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር አለው። ቀይ ባሕር ውስጥም የባሕር አንበሳ የለም። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ አካባቢ ትልቅ አጥቢ እንስሳ አየሁ የሚል ሰው ካለ፣ ዱጎንግ ወይም ዶልፊን አይቶ ይሆናል።

«በአባይ ሽቅብ ዋኝቶ ጣና ሊደርስ ይችላል»

ይህን የጠየቀ ልጅ መሳቂያ መሆን የለበትም። ግማሹ ሐሳቡ ትክክል ነውና። የባሕር አንበሳ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በኮሎምቢያ ወንዝ ሳልመን ዓሣን እየተከተለ ከውቅያኖሱ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እስከ ቦንቪል ግድብ ይደርሳል። የአባይ ነገር የሚበላሸው ከመነሻው ነው። አባይ የሚገባው ሜዲትራኒያን ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ የባሕር አንበሳ የለም። ያለው መነኩሴ ሲል የሚባል ሌላ እንስሳ ነው፤ እሱም በቁጥር ጥቂት ነው። ቢኖርም እንኳ አስዋን ግድብና ሕዳሴ ግድብ መንገዱን ዘግተውታል። እነሱን ቢያልፍ የጢስ አባይ ፏፏቴ ይጠብቀዋል።

«ክረምት ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይሰደዳሉ»

እንደ ወፍ መንጋ ተነስተው የሚሄዱ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እውነታው በፆታ ይለያያል። የካሊፎርኒያውን እንውሰድ። ሴቷ በሰኔ ወር አካባቢ ደሴት ላይ ትወልዳለች። ጥቂት ቀናት ባሕር ውስጥ ዓሣ አድና ትመለስና ግልገሏን ታጠባለች። መቶዎች ከሚጮኹበት መሀል ግልገሏን በድምፁና በሽታው ትለየዋለች። ማጥባቱ ወደ አንድ ዓመት ስለሚጠጋ ከመውለጃዋ ብዙ ልትርቅ አትችልም። ወንዱ ግን የመራቢያው ጊዜ ሲያልቅ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ኦሪገን፣ ዋሽንግተንና የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይደርሳል፤ አላስካ የሚዘልቅም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ የሚመለሰውን ወጣት ያሰበ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ቪዲዮዎቹ ላይ የሚታየው የሳን ፍራንሲስኮው 39ኛ ወደብም የዚሁ ጉዞ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻና በ1990 መጀመሪያ ላይ በብዛት መጥተው ጀልባ ማቆሚያውን ያዙት። ያኔ በጥቅምት ከተማዋን የመታት የመሬት መንቀጥቀጥ አመጣቸው የሚሉ አሉ። እዚያ የሚያቆያቸው ግን ከሞገድ የተጠለለ ማረፊያ መሆኑና ሰላጤው ውስጥ ያለው ሄሪንግ ዓሣ ነው። አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው።

«አንድ ቦታ ከጠፋ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ወይ ሌሎች መጥተው ይተኩታል»

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። እንስሳው ዋናተኛ ነው፤ ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ታዲያ ምን ያቅተዋል?

አውስትራሊያን እንይ። እዚያ ሴቷ የምትወልደው ራሷ በተወለደችበት ዳርቻ ነው፤ ብዙም አትለውጥም። የምትወልደውም በየዓመቱ አይደለም፤ በየ17 እና 18 ወሩ ነው። በዋናው አውስትራሊያና በታስማኒያ መካከል ባለው ባስ ሰርጥ ደሴቶች ላይ ይዋለዱ የነበሩትን ቆዳና ዘይት ፈላጊ አዳኞች ጨረሷቸው። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ዘመዶቻቸው ዛሬም አሉ፤ በዋና የማይደረስበት ርቀትም አይደለም። ግን ቦታውን መልሰው አልያዙትም።

የጃፓን የባሕር አንበሳ ደግሞ ጨርሶ ጠፍቷል። ጃፓንና ኮሪያ መካከል ባለው ባሕር ይኖር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብዛት ታደነ፤ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ አለቀ። የካሊፎርኒያው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ያ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ፓሲፊክን ተሻግሮ የተካው ግን የለም።

ስቴለርም ያው ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ የምዕራብ አላስካው ወገን ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። የምሥራቁ ወገን ግን እያገገመ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርዝር አውጥታዋለች። ዝርያው አንድ ነው፤ የአንዱ መብዛት የሌላውን ጉድለት አልሞላም።

ምግብ ሲጠፋ ራቅ ብሎ ይሄዳል የሚለውም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ኤልኒኖን እኛም እናውቀዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን ክረምቱን አዛብቶ ድርቅ ያመጣው እሱ ነው። ኤልኒኖ ሲመጣ ፓሲፊክ ላይ ያ ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ይዳከማል፤ ዓሣው ይርቃል። ወንዱ ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። እናት ግን ግልገል አላት። ርቃ ስትሄድ ትዘገያለች፤ ስትዘገይ ግልገሉ ይራባል። በ1982 እና 83 እንዲሁም በ1997 እና 98 ጋላፓጎስ ላይ ግልገሎች በብዛት የሞቱት በዚህ ነው። ውሃው ባልተለመደ ሁኔታ በሞቀበት በ2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ3,000 በላይ የተራቡ ግልገሎች ዳርቻ ላይ ወድቀው ተገኝተዋል።

መመለስ ጨርሶ አይቻልም ማለቴ አይደለም። የኒውዚላንዱ ዝርያ ከዋናዎቹ ደሴቶች ከጠፋ ቆይቶ፣ ርቀው ባሉት የኦክላንድ ደሴቶችና አካባቢያቸው ብቻ ነበር የሚራባው። እ.ኤ.አ. በ1993 አንዲት ሴት ከዋናዎቹ ደሴቶች በአንዱ፣ ኦታጎ ዳርቻ ላይ ወለደች። ከእሷ የወጡ ሴቶች እዚያው መውለድ ቀጠሉ። ቁጥራቸው ግን ዛሬም ትንሽ ነው። በ2021 መጀመሪያ አንዲት እናት ግልገሏን ይዛ ዳነዲን ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ሰፈረች። የከተማው አስተዳደር መንገዱን ለአንድ ወር ያህል ለመኪና ዘጋላት።