የግሮቱ ፊት የማን ነው?

በ15ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የተመታውን ግሮት (4 ፔኒ የሚያወጣ የብር ሳንቲም) ያየ ሁሉ ዘውድ የደፋው ፊት የንጉሡ መልክ ይመስለዋል። አይደለም። ፊቱ የሚለው «ንጉሥ» ብቻ ነው። 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ሄንሪ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ በግራና በቀኝ የተንዠረገገ ጠጉር ይጋራሉ። ጽሑፉም «ሄንሪከስ» ይላል እንጂ ስንተኛው እንደሆነ አይነግረንም። ስለዚህ ለመለየት ክብደቱን መመዘን፣ በጽሑፉ መነሻ ያለችውን ትንሽ ምልክትና በቃላቱ መሃል የገቡትን ጌጦች አጉልቶ ማየት ግድ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ይህንን ፍለጋ ነው። መልኩን በእውነት በጎን ያስቀረጸው 7ኛው ሄንሪ ነው፤ እሱም በዘመኑ ማብቂያ፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ።

ጀርባው ላይ መስቀሉ ሳንቲሙን ለአራት ይከፍለዋል፤ በየክፍሉ ሦስት ሦስት ነጠብጣብ አለ። መስቀሉ በ1247 በፔኒ ላይ እስከ ጠርዙ የተዘረጋው ብር ለመስረቅ ዳሩን የሚቀነጥቡ ሰዎች ሥራቸው እንዲታወቅባቸው ነበር። በግሮቱ ላይ በዙሪያው ሁለት የላቲን ጽሑፎች አሉ፤ የውጪው «እግዚአብሔርን ረዳቴ አደረግሁ»፣ የውስጠኛው ደግሞ የተመታበት ከተማ ስም፣ ለምሳሌ ለንደን። ሳንቲሙ የሚመታበት መዶሻ ጠመም ብሎ ካረፈ ግን ከጸሎቱ ግማሹ ከብሩ ውጪ ይቀራል።