ኤኤም ምንድን ነው? አማተሮችስ ለምን አልተውትም?

ኤኤም «አምፕሊቱድ ሞዱሌሽን» ማለት ነው፤ ድምፅን በሬዲዮ ሞገድ የመላኪያ ዘዴ ነው። የአሜሪካ አማተር ሬዲዮኞች፣ ማለትም ለሥራ ሳይሆን ለደስታቸው በሬዲዮ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ ሲቀልዱ «ጥንታዊ ሞዱሌሽን» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ «ጥንታዊ» የሚለውም ቃል በኤ ፊደል ስለሚጀምር አህጽሮቱ አይፈርስባቸውም።

የሰው ድምፅ እንዲሁ ከአንቴና ወጥቶ አይበርም፤ የሚሸከመው ሞገድ ያስፈልገዋል። ድምፁ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የተሸካሚውም ሞገድ ጉልበት አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ተሸካሚውን እንደ አህያ እንየው፤ ድምፁ ግራና ቀኝ በሁለት ጆንያ ሆኖ ተጭኖበታል። የሚያስቀው ነገር፣ በሁለቱም ጆንያ ያለው እህል አንድ ዓይነት ነው። ድምፁ ሞገዱን እስከ መጨረሻው በሚያወዛውዝበት ጊዜ ከ150 ዋት ውስጥ 100ውን የሚበላው አህያው ነው፤ ለእያንዳንዱ ጆንያ 25 ዋት ብቻ ይደርሰዋል።

ኤስኤስቢ የሚባለው ዘዴ አህያውንም አንዱንም ጆንያ አስቀርቶ አንዱን ብቻ ይልካል። በጠባብ ቦታ፣ በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይደርሳል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አብዛኛው አማተር ወደዚያ መሄዱ አይገርምም። በ1976 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የሞገድ ስፋትን የሚገድብ ሐሳብ ሲያቀርብ ኤኤም ከአጭር ሞገድ ሊባረር ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሐሳቡ በኋላ ተተወ። ይሁን እንጂ ሌላ ጣጣ መጣ። ሕጉ የሚለካው ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያለውን ጉልበት ሲሆን ጣሪያው 1500 ዋት ነው። የኤኤም ጫፍ የተሸካሚው አራት እጥፍ ስለሚሆን ባለ ኤኤሙ ከ375 ዋት በላይ ተሸካሚ መላክ አይችልም። ቅሬታቸው እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እኔም እፈርድላቸዋለሁ።

ታዲያ ለምን ይቆያሉ? አንዱ ምክንያት ድምፁ ነው። በኤስኤስቢ ተቀባዩ የጎደለውን ተሸካሚ ራሱ መተካት አለበት፤ ትንሽ ከሳተ ተናጋሪው እንደ ዳክዬ ይጮኻል። በኤኤም ግን የሰውዬው ድምፅ ከነወዙ ይሰማል። ሌላው መሣሪያው ነው። በ1950ዎቹ በሂዝኪት ኩባንያ የተሸጠው ዲኤክስ 100 ማስተላለፊያ ገዢው ራሱ በእጁ የሚገጣጥመው፣ ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሣጥን ነበር። እንዲህ ያሉትን «የጀልባ መልህቅ» ይሏቸዋል። ሲበላሹ ክዳናቸው ተከፍቶ፣ የተቃጠለው ክፍል በዓይን ተፈልጎ ይቀየራል። በዛሬው ሬዲዮ ይህ ደስታ የለም።

ኤኤምን የያዙት አማተሮች ብቻ እንዳይመስሉን። አብራሪዎችና የቦሌ መቆጣጠሪያ ማማ የሚነጋገሩት እስከ ዛሬ በኤኤም ነው። ሁለት አብራሪዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ፉጨትና ጩኸት ይፈጠራል፤ ተቆጣጣሪውም መደራረቡን ያውቃል። በኤፍኤም ቢሆን ኖሮ ብርቱው ድምፅ ደካማውን ውጦ ያስቀረው ነበር።

የዶቼ ቬለን የአማርኛ ዝግጅት እናዳምጥበት የነበረው የአጭር ሞገድ ሬዲዮም የተሠራው ለኤኤም ነው። በአሜሪካ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ሬዲዮ ይዞ ከሄደ 7.290 ሜጋኸርዝ ላይ ይሞክረው፤ የኤኤም አማተሮች ከሚሰባሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፣ ሌላ መሣሪያም አያስፈልገውም።