«አውሮፕላን ቢበዛ ኖሮ»፦ ስለ ወታደራዊ የአየር ጭነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ስለ ድርቅም ሆነ ስለ ጦርነት ወሬ በተነሳ ቁጥር «ትልልቅ አውሮፕላን ቢኖረን በአንድ ቀን ይደርስ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። በአየር ጭነት ክፍል ለሠራ ሰው ይህን ደጋግሞ መስማት ያማርራል።

«አውሮፕላን በበዛ ቁጥር የሚደርሰው ስንቅ ይበዛል።» ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። ልኩን የሚወስነው ማረፊያው ነው። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ሄርኩለስ (ሲ-130 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን) ብቻ ቆመው ማራገፍ ይችላሉ እንበል። አንዱ ለማራገፍ አንድ ሰዓት ከፈጀ፣ በ12 ሰዓት የቀን ብርሃን የሚስተናገደው 24 በረራ ነው። ሃምሳ አውሮፕላን ቢኖራችሁም ቁጥሩ ያው 24 ነው፤ የቀረው መነሻው ቢሾፍቱ ላይ ተገትሮ ተራ ይጠብቃል። ማራገፊያውን ወደ ግማሽ ሰዓት ካወረዳችሁት ግን አንድም አውሮፕላን ሳትገዙ 48 ይገባል።

ይህ ግማሽ ሰዓት የሚገኘው ጭነቱ ፓሌት (ዝርግ መደርደሪያ) ላይ በመረብ ታስሮ ሲመጣ፣ ጭነት የሚያነሳው መኪና ፎርክሊፍቱም ተነስቶ ሲጠብቅ ነው። አንድ ማረፊያ ላይ የፎርክሊፍቱ ባትሪ ሞቶ፣ ጫኝና አውራጆች ኩንታሉን አንድ በአንድ በትከሻ ሲያወርዱ አይቻለሁ። አብራሪው ክንፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ጎበዝ አብራሪ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ1948 እና 49 ምዕራብ በርሊን በመከበቧ 2.3 ሚሊዮን ቶን ገደማ በአየር ገባላት። ሥራውን የመሩት ጄኔራል ተነር አብራሪዎች ከአውሮፕላናቸው እንዳይርቁ አዘዙ፤ ምግቡም የአየር ጠባይ መረጃውም በመኪና እዚያው ይመጣላቸው ጀመር። እዚያው በርሊን ቴገል በሚባል ቦታም አዲስ ማረፊያ ተሠራ።

«አውሮፕላን መኪናን ይተካል።» አይተካም። ሄርኩለስ ቢበዛ 200 ኩንታል ገደማ ነው፤ ተሳቢ ያለው መኪና 400 ይጭናል። ኮምቦልቻ ያረፈው ጭነትም የደሴን ዳገት የሚወጣው በመኪና ነው።

«200 ኩንታል የሚጭን የትም ያንኑ ይጭናል።» ቢሾፍቱም ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ነው። የከሰዓት ሙቀት ሲጨመርበት ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ጭነት ይቀነሳል። መድረሻው ላይ ነዳጅ ከሌለ ደግሞ የመመለሻውንም ይዞ ስለሚሄድ ሌላ ኩንታል ይቀራል።

«ማረፊያ ከሌለ ከላይ መጣል ነው።» በ77ቱ ድርቅ የእንግሊዝ ሄርኩለስና ትራንሳል የተባለው የጀርመን የጭነት አውሮፕላን እህል ጥለዋል። ከረጢቱ እንዳይፈነዳ ተደራርቦ ይታሸግ፣ የሚጣልበትን ቦታ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ያዩ፣ የሚሰበስብ ሰውም ከታች ይጠብቅ ነበር። መሬት ላይ ሥራ የማይፈልግ የአየር ጭነት የለም።

ስለዚህ በጀት የምትይዙ ሰዎች፣ አዲስ አውሮፕላን ከመጠየቃችሁ በፊት በየማረፊያው ሁለተኛ ፎርክሊፍት፣ የነዳጅ ቦቴ፣ ከማረፊያው የሚያነሱ መኪኖችና የማኮብኮቢያ መብራት አስገቡ። መብራት ካለ ያ የ12 ሰዓት ቀን 20 ሰዓት ይሆናል፤ 48ቱም በረራ 80።