ጊት ኖትስ፦ በኮሚት ላይ ማስታወሻ የማኖር አሠራር

ጊት ኖትስ፣ የፕሮግራም ኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት በተባለ ሥርዓት ውስጥ፣ አስቀድሞ በተመዘገበ ኮሚት (የአንድ ጊዜ ለውጥ መዝገብ) ላይ፣ ኮሚቱ ራሱ ሳይነካ፣ ተጨማሪ ጽሑፍ የሚያኖር ትእዛዝ ነው። አስፈላጊነቱ የሚመነጨው ከኮሚት ባሕርይ ነው። የኮሚት መለያ የሆነው ሃሽ የሚሰላው ከፋይሎቹ ይዘት፣ ከቀዳሚው ኮሚት፣ ከጸሐፊው ስም፣ ከጊዜውና ከመልእክቱ ስለሆነ፣ በመልእክቱ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትታረም መለያው ይለወጣል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ኮሚቶችም ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። ለባልደረቦች የተሰራጨን ታሪክ በዚህ መንገድ ማረም ብዙ ሰው ያስቸግራል።

መፍትሔው የሚያስደንቅ ቅለት አለው። ማስታወሻዎቹ ሪፍስ/ኖትስ/ኮሚትስ በተባለ የራሳቸው ሪፍ (ወደ ኮሚት የሚያመለክት ስም) ሥር ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ማስታወሻ ተራ ፋይል ሲሆን፣ የፋይሉ ስም የሚያብራራው ኮሚት ሃሽ ነው። ስህተት ያመጣው ኮሚት ከሳምንት በኋላ ቢታወቅ፣ ፕሮግራመሩ በ«ጊት ኖትስ አድ» «ይህ ለውጥ የመግቢያ ገጹን አበላሽቷል» ብሎ ይጽፋል። የኮሚቶችን ዝርዝር የሚያሳየው «ጊት ሎግ» ሲታይ ጽሑፉ ከመልእክቱ ግርጌ «ኖትስ» በሚል ርእስ ሥር ይወጣል፤ ሃሹ ግን እንደነበረ ነው። ማስታወሻዎቹ ሲበዙ ፍለጋው እንዳይዘገይ፣ ጊት የሃሹን የመጀመሪያ ሁለት ሆሄያት የፎልደር ስም አድርጎ ፋይሎቹን ይከፋፍላቸዋል። ማስታወሻዎቹ ራሳቸው በኮሚት ስለሚመዘገቡ፣ የትኛውን ማን መቼ እንደለወጠው ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ትእዛዙን የጻፉት ዮሐንስ ሺንደሊን እና ዮሃን ሄርላንድ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በወጣው ጊት 1.6.6 ውስጥ ተካተተ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 1.7.4 ሁለት ሰዎች ለየብቻ የጻፏቸውን ማስታወሻዎች የማዋሃድ ችሎታ ጨመረለት።

አከራካሪው ጉዳይ ስርጭቱ ነው። ማስታወሻዎች ኮሚቶችን ለሌሎች በሚልከው ፑሽና ከሌሎች በሚያመጣው ፌች እንደተለመደው አይተላለፉም፤ ሪፉን በስም መጥቀስ ወይም በኮንፊግ (በጊት ማስተካከያ) ማስገባት ያስፈልጋል። ይህ የግል ማስታወሻ ሳይታሰብ ለሌሎች እንዳይደርስ የሚከላከል ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻል ይሆናል፤ ሆኖም ብዙ ፕሮግራመሮች ትእዛዙ መኖሩን እንኳ ሳያውቁ እንዲቀሩ ማድረጉ አያጠራጥርም። የጊት ኮዶች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ማስታወሻዎችን በገጹ ማሳየት አቁሟል። ኮሚቶችን በሌላ መሠረት ላይ እንደ አዲስ በሚጽፈው በሪቤዝ ጊዜም «ኖትስ.ሪራይትሪፍ» የተባለው ኮንፊግ ካልተሞላ ማስታወሻው ከአሮጌው ኮሚት ጋር ይቀራል።

በአግባቡ የተጠቀሙበት ግን አሉ። በጌሪት የኮድ ግምገማ ሥርዓት ገምጋሚው ማን እንደሆነና ምን ድምፅ እንደሰጠ ሪፍስ/ኖትስ/ሪቪው ውስጥ ማስመዝገብ ይቻላል። የጊትን ልማት የሚመራው ጁኒዮ ሃማኖም አምሎግ በተባለ የማስታወሻ ሪፍ፣ እያንዳንዱ ኮሚት ከየትኛው ኢሜይል እንደመጣ የመልእክቱን መለያ ይመዘግባል።