ከሕፃናት ጋር ባሕር ስንወርድ፦ በየቤቱ የሚባለውና እውነታው

ሙቀቱ ሲጀምር ቤታችን ውስጥ ጥያቄው አንድ ነው። «ባሕር መቼ ነው የምንሄደው?» ትልቁ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ታናሿ ሦስት ተኩል ሆናለች። የምንኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ነታንያ ከተማ ስለሆነ ባሕሩ ቅርብ ነው። ከባዱ ጥያቄ የትኛው ዳርቻ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ዘመዱም ጎረቤቱም የራሱ ምክር አለው።

የእኛ ወላጆች አብዛኞቹ ባሕር ሳያዩ ነው ያደጉት። የሚያውቁት ወንዝ ነው፤ ቢበዛ ጣናን ነው። ስለዚህ ስለ ባሕር የምናውቀውን ከዚህም ከዚያም ለቃቅመን ነው የያዝነው። ከሥራ ቦታ፣ ከሠፈር ወሬ፣ ከቴሌቪዥን። ትክክለኛ ነገር አለበት። ልጅ ይዞ ለሚወርድ ሰው አደገኛ የሆነ ነገርም አለበት። ደጋግሜ የምሰማቸውን ልንገራችሁ።

«ማዕበል የሌለበትን ቦታ ፈልጋችሁ ልጆቹን እዚያ አስገቡ»

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እኔም አምኜው ነበር። አንድ ጠዋት ልጆቼን ይዤ ወረድኩ። በግራም በቀኝም ማዕበሉ ነጭ አረፋ እየሆነ ይሰበራል። መሐል ላይ ግን ሠላሳ እርምጃ የሚያህል ጸጥ ያለ ቦታ አለ። ደስ ብሎኝ ሁለቱንም በእጄ ይዤ ወደዚያ ሄድኩ። ውሃው ገና ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሳይደርስ የነፍስ አድን ሠራተኛው፣ ማጺሉ፣ በድምፅ ማጉያ ጮኸብን። «ልጆች የያዝሽው! ከዚያ ውጪ! ወደ ግራ!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በኋላ ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕበል ውሃ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣል። ያ ውሃ ተመልሶ መሄድ አለበት። የሚመለሰው ደግሞ አሸዋው በተቦረቦረበት፣ ጥልቀት ባለው ቦይ በኩል ነው። ጥልቅ ስለሆነ ማዕበሉ እዚያ ላይ አይሰበርም። ከላይ ሲያዩት ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ውሃው ግን ወደ ባሕሩ መሐል ይስባል። ጎበዝ ዋናተኛን የሚወስድ ውሃ ለሦስት ዓመት ልጅ ምንም አይራራም።

አሁን ልጆቹን ከማስገባቴ በፊት አምስት ደቂቃ ቆሜ ውሃውን አያለሁ። በሁለት የማዕበል መስመሮች መሐል ጠቆር ያለ ወይም በአሸዋ የደፈረሰ መንገድ ካለ፣ አረፋና ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሲሄድ ከታየ፣ ከዚያ እርቃለሁ። ትልቅ ሰው ራሱ ከተወሰደ ወደ ዳር ለመመለስ ከውሃው ጋር አይታገል። መንሳፈፍ፣ እጅ አንሥቶ መጥራት፣ መዋኘት የሚችል ከሆነ ደግሞ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከቦዩ መውጣት ነው።

«ድንጋይ የተከመረበት ዳርቻ ከሆነ በቃ፣ ገንዳ ማለት ነው»

ግማሽ እውነት አለው። ማዕበል እንዲሰብሩ ባሕሩ ውስጥ የተሠሩት የድንጋይ ግድቦች ለትንንሽ ልጆች ትልቅ ነገር ናቸው። ባት ያም ያለው ሖፍ ሃሴላ (ሖፍ ማለት ዳርቻ ነው) በግድብ ስለተከበበ ውሃው ከሌላው ቦታ ይረጋል። ቴል አቪቭ ወደቡ አጠገብ ሖፍ መጺጺም ትንሽ ባሕረ ሰላጤ አለው። ወደ ሰሜን ዶር ከሄዳችሁ ደግሞ ትንንሾቹ ደሴቶች ማዕበሉን ስለሚያስቀሩት ጥልቀት የሌለው ውሃ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ጊዜ ለሚወርድ ሕፃን እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

አደጋው ድንጋዩ ራሱ ጋ ስንጠጋ ነው። በሁለት ግድቦች መሐል ባለው ክፍተት ውሃው በኃይል ይወጣል። ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አጠገቡ ጉድጓድ አለ፤ ጉልበት ድረስ የነበረው ውሃ አንድ እርምጃ ስትጨምሩ ደረት ይደርሳል። ልጆች ደግሞ ሸርጣን ለማየት የሚሮጡት ወደ ድንጋዩ ነው። ስለዚህ ጃንጥላችሁን ከግድቡ አርቃችሁ፣ ከማጺሉ ማማ ፊት ለፊት ትከሉ።

«ሰማያዊ ባንዲራ አለው፣ ዛሬ ባሕሩ ጥሩ ነው»

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰማያዊው ባንዲራ ለውሃ ጥራት፣ ለንጽሕናና ለአገልግሎት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ምስክርነት ነው። ስለ ዛሬው ማዕበል ምንም አይነግራችሁም። የዛሬውን የሚነግራችሁ ማጺሉ ማማ ላይ የሚውለበለበው ነው፦ ነጭ ከሆነ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ክልክል ነው። ቀይ ላይ ትልልቆቹ ሲዋኙ ታያላችሁ። ለሕፃን ግን ከነጭ ውጪ ሌላ ባንዲራ የለም። ቀይ ካያችሁ አሸዋ ላይ ተጫወቱ፣ ወይ ወደ ሌላ ዳርቻ ሂዱ።

«ማጺል አለ አይደል? እኛ አረፍ እንበል»

ማጺሉ ከማማው ላይ መቶዎችን ነው የሚያየው። የእናንተን ልጅ ብቻ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ሰዓትም አለው፤ ማማው ላይ ተጽፏል። ማጺሉ ሲወርድ ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ የሚያይ ግን የለም። በዚህ አገር የሰው ሕይወት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ መዋኘት ባልተፈቀደበት ዳርቻ ወይም ማጺል በሌለበት ሰዓት ነው። «ጭር ያለ፣ የሚያምር ቦታ አግኝቻለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማጺል አለው?» ብዬ ነው። ከሌለው ለፎቶ እንጂ ለልጅ አይሆንም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ እምነት አለ። ልጅ ሲሰጥም ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል ብለን እናስባለን። አይጮኽም። አፉ ውሃው ላይ ብቅ ጥልቅ ሲል ያለው ጊዜ ለመተንፈስ እንኳ አይበቃም። እጁን ማውለብለብም አይችልም፤ ውሃውን ወደ ታች እየተጫነ ራሱን ቀና ለማድረግ ብቻ ይታገላል። ከሩቅ ሲያዩት የሚጫወት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ወደ 300 ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል፤ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

እኛ ጋ ደግሞ አንድ የተለየ ችግር አለ። ባሕር ስንወርድ በዘመድ ነው። እንጀራው ይወጣል፣ ቡናው ይቀርባል፣ ጨዋታው ይደምቃል። ዐሥራ አምስት ትልቅ ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም «እያየናቸው ነው» ይላል። ዐሥራ አምስት ሰው እያየ ነው ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አያይም ማለት ነው። እኛ ቤት አሁን ተራ አለ። ተረኛው ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ውሃው ዳር ይቆማል። በእጁ ሊይዛቸው በሚችልበት ርቀት ነው የሚቆመው። በየሃያ ደቂቃው እንቀያየራለን። መጀመሪያ ላይ አጎቴ «ምን ወታደር አደረጋችሁን!» ብሎ ተቆጣ። አሁን ተራውን ራሱ ነው የሚያስታውሰን።

ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክም አያዘናጋችሁ። ይተነፍሳል፣ ይወልቃል። ሊነፋ የሚችል ፍራሽና ጎማ ደግሞ ንፋስ ይዞት ይሄዳል። በተለይ ኪነሬት (የገሊላ ሐይቅ) ላይ የከሰዓት በኋላው የምዕራብ ንፋስ ኃይለኛ ነው፤ ጎማውን ልጅ እንደተቀመጠበት ወደ መሐል ይገፋዋል። በትክክለኛ መጠን የተገዛ፣ በእግሮች መሐል የሚታሰር ላይፍ ጃኬት የተሻለ ነው። እሱም ቢሆን የእናንተን እጅ አይተካም።

«ከገደሉ ሥር ጥሩ ጥላ አለ»

ነታንያን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ከተማዋ ከባሕሩ በላይ ባለ የኩርካር፣ ማለትም የአሸዋ ድንጋይ፣ ገደል ላይ ነው የተቀመጠችው። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር ደስ የሚል ጥላ ይወድቃል፤ የልጅ ጋሪ ይዞ ለመጣ ሰው ያጓጓል። ግን ኩርካር ጠንካራ ዓለት አይደለም። ማዕበልና ዝናብ እየበሉት ይናዳል፤ ሲናድም አያስጠነቅቅም። «ተጠንቀቁ፣ ገደሉ ይናዳል» የሚሉት ሰሌዳዎች ለጌጥ አልተተከሉም። ጥላ ከፈለጋችሁ ማዘጋጃ ቤቱ የዘረጋው አለ፣ ወይ የራሳችሁን ጃንጥላ ያዙ። ጋሪ ያላችሁ ደግሞ ሲሮኒት የሚባለው ዳርቻ ከገደሉ ጫፍ የሚያወርድ ሊፍት ስላለው ከደረጃው ትድናላችሁ።

«እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ አይነካንም»

እናቴ እስከ ዛሬ ትለዋለች። ቆዳችን ከነጭ ቆዳ የተሻለ መከላከያ እንዳለው እውነት ነው። የተሻለ ማለት ግን የማይቃጠል ማለት አይደለም። በእኛ ልጆች ላይ ቅላቱ ስለማይታይ ነው የምንዘናጋው፤ ማታ ትከሻቸውን ስትነኩ ሲያለቅሱ ነው የምታውቁት። እዚህ አገር በጋ እኩለ ቀን ላይ የአልትራቫዮሌት መጠኑ 10ና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ድገሙት። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ከክሬም ይልቅ ጥላ ነው የሚያስፈልገው። ሙቀቱና የውሃ ጥሙ ደግሞ ቀለም አይመርጥም።

እኛ የምንወርደው ጠዋት፣ ማጺሉ ሥራ እንደጀመረ ነው። ባሕሩም ጠዋት ይረጋል፤ ንፋሱ የሚነሣው ወደ እኩለ ቀን ነው። ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ዕቃችንን እንሰበስባለን።

«ሙት ባሕር ላይ ማንም አይሰጥምም፣ ለልጅ እሱ ነው»

ይህን የሰማሁት አገር ቤት ሄጄ ነው፤ ልጆቻቸውን ይዘው ሊጠይቁን ያሰቡ ዘመዶች ናቸው ያሉት። አዎ፣ ሰውነት ይንሳፈፋል። ጨውነቱ ከመደበኛ ባሕር ዐሥር እጥፍ ገደማ ነው። ችግሩም እሱ ነው። ልጅ በደረቱ ከተገለበጠ መልሶ መቃናት ይከብደዋል። ውሃውን ከዋጠ ጥቂቱም ሳንባና ደም ላይ ከባድ ጉዳት ያመጣል። ዐይኑ ውስጥ ከገባ ሥቃዩ ሌላ ነው። በዚያ ላይ የባሕሩ ውሃ እየሸሸ ስለሆነ ዳርቻው ላይ መሬቱ በድንገት የሚሰምጥባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች አሉ። ትልልቆቹ ኤን ቦቄቅን በመሰለ በተፈቀደ ዳርቻ ይንሳፈፉ። ሕፃናቱ ዳር ላይ እግራቸውን ነክረው ይውጡ፤ ያ ይበቃቸዋል።

ኤላት የምትሄዱም አስቡበት። ያው ምጽዋ ላይ የምናውቀው ቀይ ባሕር ነው፤ ውብ ነው። ግን ብዙው ዳርቻ ጠጠር ነው፤ ውሃውም ቶሎ ይጠልቃል። ለልጆቹ የውሃ ጫማ ያዙላቸው።

«ሜዱዛ ከነደፈ በንጹሕ ውሃ እጠቡት»

ሽንት የሚሉም አሉ። ሁለቱም አይሆንም። ሜዱዛ እንደ ጄሊ የሚለሰልስ፣ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ ነው። እዚህ በብዛት የሚመጣው በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን የገባ ነው፤ መንጋው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ ነው። ቆዳ ላይ የቀሩት ትንንሽ መርዛማ ሕዋሶች ንጹሕ፣ ጨው የሌለው ውሃ ሲነካቸው እንደገና ይተኩሳሉ። በፎጣ ማሸትም ያባብሳል። በባሕሩ ውሃ በደንብ አጥቡት፣ ሳታሹ። ፊት ላይ ከሆነ ወይም ልጁ መተንፈስ ካስቸገረው ማጺሉን ጥሩ፣ ለአምቡላንስ 101 ደውሉ። መንጋው በሚመጣባቸው ሳምንታት ከቤት ሳትወጡ ዜና እዩ፤ ሞቶ አሸዋ ላይ የተጣለውም ይነድፋል።

«የትኛውም ዳርቻ ለቤተሰብ ክፍት ነው»

ሁሉም አይደለም። ለወንድና ለሴት የተለየ ቀን ያላቸው አሉ። ቴል አቪቭ ኖርዳው ዳርቻ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶች ነው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የወንዶች። አንዲት ጎረቤቴ ባሏንና ሦስት ልጆች ይዛ ማክሰኞ ሄዳ ከበሩ ተመልሳለች። ለሃይማኖተኛ እናት ከሴት ልጆቿ ጋር ግን በጣም ምቹ ቦታ ነው።

«አሸዋ ላይ እስከሆኑ ድረስ ምንም አይሆኑም»

ልጆቹ ከውሃ ሲወጡ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ልጄ ዓምና ከአጎቱ ልጆች ጋር ወገቡ ድረስ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈረ። ታናሿ ውስጡ ገብታ ተቀመጠች፤ ከላይ የሚታየው ኮፍያዋ ብቻ ነበር። አንዱ ጎን ሲንሸራተት አየሁ። እርጥብ አሸዋ ሲናድ ከባድ ነው፤ ልጅን በቅጽበት ይሸፍናል፣ በእጅ ሲቆፍሩትም መልሶ ይሞላል። በብብቷ ይዤ አወጣኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን አንድ ነው፦ ጉድጓድ ከትንሿ ልጅ ጉልበት አያልፍም፣ ከመሄዳችን በፊትም እንሞላዋለን። ጨለማ ላይ የሚሮጥ ሰው እግሩን ይሰብርበታል። የባሕር ኤሊም በበጋ ማታ ማታ እዚሁ አሸዋ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ተፈልፍለው ወደ ውሃው የሚሄዱት ጫጩቶች ጉድጓድ ውስጥ ከወደቁ አይወጡም። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው አካፋቸውን አንሥተው የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻችንንም ጉድጓድ ሞሉ።