ፌይልኦቨር ምንድን ነው? ቨርቹዋል ማሽኖች በሁለት ሰርቨሮች መካከል የሚተካኩበት አሠራር

ፌይልኦቨር ማለት አንድ ሰርቨር ከሥራ ውጭ ሲሆን፣ በእሱ ላይ ይሠሩ የነበሩት ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር ተፈጥረው እንደየራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩ) የሰው እጅ ሳይገባበት በሌላ ሰርቨር ላይ ተነሥተው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ የሚያደርግ አሠራር ነው። ጅማ ውስጥ ያለ አንድ የቡና አቅራቢ ድርጅትን እናስብ፤ የሚዛን መዝገቡ፣ የሒሳብ ዳታቤዙና የሠራተኞቹ የጋራ ፋይሎች በሁለት ሰርቨሮች በተከፋፈሉ ቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ተቀምጠዋል። እሸት ቡና በሚገባበት ወቅት ከሰርቨሮቹ አንዱ ቢቃጠል፣ ፌይልኦቨር በትክክል ከተዘረጋ፣ የሚዛን ሠራተኛው ጥቂት ደቂቃ ከመጠበቅ ያለፈ ችግር አይገጥመውም።

«ጥቂት ደቂቃ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ፌይልኦቨር ሲባል ሥራው ለአፍታም ሳይቋረጥ የሚሸጋገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሳይቋረጥ የሚያሸጋግረው ላይቭ ማይግሬሽን የሚባለው ሲሆን፣ እሱም የሚደረገው ሁለቱም ሰርቨሮች እየሠሩ ሳለ፣ ለምሳሌ ራም ለመጨመር አንዱን ማጥፋት ሲያስፈልግ ነው። በድንገት የጠፋ ሰርቨር በራሙ ላይ የነበረውን ለማንም ስለማያስተላልፍ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ በሌላው ላይ የሚነሣው መብራት ሄዶበት እንደገና እንደተከፈተ ኮምፒውተር ነው። ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ በፕሮክስሞክስ፣ የሰርቨሩን መውደቅ አረጋግጦ ማሽኑን እስኪያስነሣ 2 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ዳታቤዙ የሚነሡበት ጊዜ በዚያ ላይ ይታከላል።

ማሽኑ እንዲነሣ ደግሞ ዲስኩ በሁለተኛው ሰርቨር በኩል መገኘት አለበት። ሁለቱም የሚደርሱበት የጋራ ስቶሬጅ ማቆም ይቻላል፣ ነገር ግን ስቶሬጁ ራሱ ሲበላሽ ሁለቱም ሰርቨሮች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ተጠቅሞ ዲስኩን በየጊዜው ወደ ሌላው መቅዳት ርካሽ ነው፤ በፕሮክስሞክስ ካልተለወጠ በቀር ቅጂው የሚላከው በየ15 ደቂቃው ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ከመውደቁ ትንሽ ቀደም ብሎ የተመዘነ የአንድ መኪና ቡና ከመዝገቡ ላለመጥፋቱ ዋስትና የለም። ይህ ለፋይል ማስቀመጫ ይበቃል፤ ለሚዛን መዝገብ ግን፣ እንደ ዲአርቢዲ ያለ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ሳይሰፍር «ተጽፏል» እንዳይል ሊደረግ የሚችል መሣሪያ ይሻላል እላለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው አንዱ ሰርቨር በእርግጥ መውደቁን ማወቅ ነው። ሰርቨሮቹ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት በኔትወርክ ይለዋወጣሉ፤ መልእክቱ ሲቋረጥ ግን አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው መልስ አለመስጠቱን ብቻ ነው። ሰርቨሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨሩ ደህና ሆኖ ኬብሉን አይጥ በልታውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያኛው ወድቋል ብለው ያንኑ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ቢያስነሡት፣ ግማሹ ደረሰኝ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይመዘገባል፤ ስቶሬጁ የጋራ ከሆነም ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ እየጻፉ ዳታውን ያበላሹታል። ስፕሊት ብሬን የሚባለው ይህ ሲሆን፣ ከሰርቨር መውደቅ የከፋ ነው፤ ሰርቨር ሲወድቅ ሥራው መቆሙ ለሠራተኞቹ ወዲያው ይታወቃልና።

ይህን ለመከላከል ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ ይሰጥና ከግማሽ በላይ ድምፅ የሌለው ወገን ማሽን እንዳያስነሣ ይደረጋል። ሰርቨሮቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን ከ2 ድምፅ አንዱ ብልጫ አይሆንም። ፕሮክስሞክስ የተጫነባቸውን ሁለት ሰርቨሮች ብቻ አገናኝቶ አንዱን ያጠፋ ሰው፣ በቀረው ላይ የክላስተሩን (የተገናኙትን ሰርቨሮች ስብስብ) ሁኔታ ሲጠይቅ የሚጠበቀው ድምፅ 2፣ ያለው 1 መሆኑንና «አክቲቪቲ ብሎክድ» (ሥራ ታግዷል) የሚለውን ጽሑፍ ያያል። ይባስ ብሎ፣ ፌይልኦቨር እንዲደረግላቸው የተመደቡ ማሽኖች በቀረው ሰርቨር ላይ እየሠሩ ከነበረ፣ ድምፅ ያጣው ይህ ጤነኛ ሰርቨር ከ60 ሰከንድ በኋላ በዎችዶግ (በጊዜው ምልክት ካልደረሰው ሰርቨሩን እንደገና በሚያስነሣ ቆጣሪ) አማካይነት ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ዓላማው ብልጫ የሌለው ወገን መጻፉን በእርግጥ እንዲያቆም ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በፕሮክስሞክስ ኪውዲቫይስ፣ በዊንዶውስ ሰርቨር ዊትነስ ይባላል፤ ቨርቹዋል ማሽን ስለማይሸከም ያረጀ ዴስክቶፕ ይበቃዋል። ከሁለቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ በቨርቹዋል ማሽንነት ማስቀመጥ ግን ትርጉም የለውም፤ ያ ሰርቨር ሲወድቅ ሁለት ድምፅ አብሮ ይወድቃልና። ዊንዶውስ ዊትነሱን በክላውድ ላይ ማድረግንም ይፈቅዳል፤ ጅማ ላይ ግን አልመክረውም። በክረምቱ ነጎድጓድ መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ሦስተኛው ድምፅ የሚፈለገውም በዚያው ሰዓት ነው። እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ በራሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ይመረጣል። ሁለቱን ሰርቨሮች በአንድ ዩፒኤስ ላይ መሰካትም ያው ስሕተት ነው፤ ዩፒኤሱ ሲሞት የሚተካካ አይኖርም።

የራሙ ስሌት አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር 64 ጊጋባይት ካለው፣ እንዲተካኩ የሚፈለጉት ማሽኖች በድምሩ ከዚያ አንሰው ለሃይፐርቫይዘሩም (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ለሚያስኬደው ሶፍትዌር) ቦታ መተው አለባቸው።

ፌይልኦቨሩ ሲሞከር ብዙ ሰው የሚነቅለው የመብራት ገመዱን ነው። የኔትወርክ ኬብሎቹም በተራ መነቀል አለባቸው፤ ሰርቨሩ እየሠራ ከሁሉም ሲቆረጥ ራሱን ማጥፋቱ፣ ሌላውም እስከዚያ መታገሡ የሚታየው በዚህ ነው። ሙከራው የሚደረገው ባክአፕ ከተወሰደ በኋላ ነው፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በሁለተኛው ሰርቨርም ላይ ስለሚሰረዝ፣ ፌይልኦቨር ባክአፕን አይተካም።